የሚበሰብሰውን ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ ጋሪው ላይ መልሶ ይደባለቃል። ልተወው እንዴ?

የሐይቅ ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጥያቄዬ ስለ ቆሻሻ ነው። ሳቁ፣ ግን መልሱልኝ።

ከወራት በፊት ከከተማው የመጡ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ አነጋገሩን። የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን ለየብቻ አስቀምጡ አሉ። የሚበሰብሰው ኮምፖስት ይሆናል፣ መጣያው ቦታ ሄዶ አይከመርም አሉ። ነገሩ ልቤ ገባ። በዚያው ሳምንት ሁለት ባለክዳን በርሜል ገዛሁ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ጥቁር። ሳህን የምታጥበውን ልጅ አስተማርኩ። አስተናጋጁን አስተማርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሶፍትና ስቴኪኒ ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ አረንጓዴው ውስጥ ይገባ ነበር። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ቀስ በቀስ መስመር ያዘ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጋሪ ገፊዎቹ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ኩሽና ስለምሆን አይቼ አላውቅም። አንደኛው አረንጓዴውን አንሥቶ ጋሪው ላይ ገለበጠ። ቀጥሎ ጥቁሩን አነሣና እዚያው ላይ ደፋው። የጎመኑ ግንድ፣ የውሃ ላስቲኩ፣ የዓሣው ራስ፣ የዘይት ጀሪካኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ።

«ወንድሜ፣ ይሄኮ የተለየ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ እትዬ። ጋሪው ግን አንድ ነው» አለኝ።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ? እውነቱን ነው።

ከኔ ቤት ምን እንደሚወጣ ልንገራችሁ፣ ለመልሱ ይጠቅም ይሆናል። ሰው የሳህን ትራፊ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ገና ከመሠራቱ በፊት የሚወጣ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዓሣው ነው። ቀረሶ ሲገፈፍ የሚበላው ሥጋ ከሲሶ ብዙም አይበልጥ፤ ሌላው ራስ፣ አጥንት፣ ቅርፊትና አንጀት ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ ዓሣ ፈላጊው ይጨምራል። (ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ እንዳትጀምሩት።)

ከሳህን የሚመለሰው በብዛት እንጀራ ነው። ያልተነካው እንጀራ ችግር የለውም፤ ድርቆሽ ይሆናል። ሳይሸጥ ያደረ ንጹህ ወጥም ማታ የሚወስዱ ልጆች አሉ። ወጥ የነካው እንጀራ ነው መላ ያጣሁለት።

እንግዲህ ጥያቄዬ፤ መለየቱን ልቀጥል? ወይስ ዝም ብዬ ነው የምደክመው? እዚህ ከተማ የሚበሰብሰውን ለብቻው የሚወስድ ሰው የምታውቁ አላችሁ?

ቀበሌ 14 ልጅ

እህቴ፣ አትልፊ። እኛም ግቢ ውስጥ ሁለት ቀለም በርሜል ተቀምጦልን ነበር። አሁን አንዱ የዘበኛው ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኗል፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቷል። ስልጠናው ላይ ሻይና ብስኩት ጥሩ ነበር።

የድሮ ጋሪ ገፊ

ይሄን ጥያቄ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በማኅበር ተደራጅተን ሁለት ዓመት ጋሪ ገፍቻለሁ። አሁን ባጃጅ ነው የምነዳው።

እህቴ፣ ልጁ የነገረሽ ልክ ነው። ግን ጋሪው አይደለም ዋናው ችግር። ጋሪ በጣውላ ለሁለት ይከፈላል፤ እኛ አንድ ሰሞን ከፍለነው ነበር። ወደ ግራ የሚበሰብስ፣ ወደ ቀኝ ሌላው። ደስ እያለን ገንዳው ጋ እንደርሳለን። ገንዳው አንድ ነው። ገንዳውን የሚያነሣው መኪናም አንድ። ሦስት ሳምንት ለይተን ከሰበሰብን በኋላ አንዱ ጓደኛችን «ለማን ነው የምንለየው?» አለ። መልስ አልነበረንም። ጣውላውን አወጣነው።

ሌላው ሰው የማያውቀው ክብደቱን ነው። የምግብ ቤት ቆሻሻ ማለት ውሃ ማለት ነው። ካርቶንና ላስቲክ የሞላ ጋሪ ልጅ ይገፋዋል። የምግብ ቤት ሲሆን ለሁለት እያቃሰትን ነበር፤ ክረምት ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ለሦስት። ፍሳሹ በጋሪው ስንጥቅ እየወረደ ጫማ ውስጥ ይገባል። ቤት ስገባ እናቴ ጫማዬን በር ላይ አስወልቃ በላርጎ ታጥበው ነበር። ማታ ገንዳው ጋ የሚጠብቀው ደግሞ ውሻ ነው፣ ከውሻው በኋላ ጅብ። ጠዋት ስንመለስ የሰበሰብነው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀናል።

ስለ ጫት ቤቶቹ ገረባ ማንም አያነሣም። ባሕር ዳር ውስጥ ከምግብ ቤት ቀጥሎ ከባዱ ጆንያ እሱ ነበር። ንጹህ ቅጠልና እንጨት፣ ከምንም ያልተቀላቀለ፣ በጆንያ ታስሮ ተዘጋጅቶ ይሰጠናል። ያውም ገንዳ ውስጥ ነው የሚገባው። አንዲት ፍየል የምታረባ እናት ብቻ አልፎ አልፎ ትወስድልን ነበር፣ እሷ በመጣችበት ቀን አንድ ምልልስ ይቀርልናል።

ስለዚህ የኔ ምክር፤ መለየቱን አትተይ። ለኮምፖስቱ ብለሽ ባይሆን ለእጃቸው ብለሽ። የጠርሙስ ስባሪ ከሽሮ ጋር ሲመጣ አይታይም። ግራ አውራ ጣቴ ላይ ምልክቱ አለ። ደግሞ የዓሣውን ውሃ አጥልይው። ፍሳሹን ብቻ ብትቀንሺላቸው ይመርቁሻል።

ዘንዘልማ የተማረው

እትዬ፣ እኔ ግብርና ነው ያጠናሁት፣ ኮምፖስት የመመረቂያ ጽሑፌ ነበር። ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ይቅርታ።

መጀመሪያ ለምን እንለይ ለሚለው። ልጣጭና እንጀራ መሬት ላይ ቢጣል በስብሶ አፈር ይሆን የለም ወይ ይላል ሰው። አየር ካገኘ አዎ። ክምር ሥር ታፍኖ ሲበሰብስ ግን ሚቴን ነው የሚያወጣው። በሃያ ዓመት ሲሰላ የሚቴን የማሞቅ ኃይል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ነው። ይሄው ጋዝ በባዮጋዝ ጉድጓድ ቢሰበሰብ ወጥ ይሠራ ነበር። ፍሳሹም አለ፤ በክረምት ጎርፍ ይዞት ይወርዳል፣ የኛ ከተማ ጎርፍ ደግሞ የት እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጣና በ2015 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ነው። የክምርን አደጋ ደግሞ ከአዲስ አበባው ቆሼ በላይ የሚነግረን የለም። መጋቢት 2009 ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው።

ሐሳቡ አገራችን ውስጥ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ነው። ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚደገፍ ፕሮጀክት ስድስት ከተሞችን ይዞ ነበር፤ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ። ዓላማው የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ወደ ኮምፖስት መቀየር፣ ኮምፖስቱን ደግሞ ለከተማ አረንጓዴ ቦታና ለችግኝ ማዋል ነበር። እንግዲህ አዋጅ አለ፣ ፕሮጀክት ነበረ፣ እርስዎም በርሜል ገዝተዋል። ወንድማችን የነገረን ገንዳ ነው መሀል ላይ የቆመው። ሁለተኛ ገንዳ ሳይቀመጥ ሁለተኛ በርሜል አምጡ ማለት፣ በኔ አስተያየት፣ ሥራውን ከመጨረሻው መጀመር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። ጓሮ ካለዎት ትንሽ ክምር ይበቃል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ሰው የሚሳሳተው እርጥቡን ብቻ ይከምርና ሲሸት ይተወዋል። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ። እፍኝ አድርገው ሲጨምቁት ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ውሃ በዝቷል። በሳምንት አንዴ ይገልብጡት። መሀሉ ላይ እጅ ሲከቱ የሚያቃጥል ከሆነ እየሠራ ነው። ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ያ ጆንያ ሙሉ ገረባም ተከታትፎ፣ ሁሉም ይሆናል። ዘይትና ጨው የበዛበት ወጥ ግን ባይገባ ይሻላል። የዓሣ አንጀት ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ግን ላይ ላይ ከተውት ጅቡ ግቢዎት ድረስ ይመጣል። በክንድ ጥልቀት ጉድጓድ ቀብሮ ሰጋቱራ መጫን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እንደ ደረቅ ነገር እምቦጭ ከሐይቁ አምጥተን እንጨምር የሚል ሰው አይጠፋም። አበባ ያወጣውን አትንኩት። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከጣና አውጥተነው በኮምፖስት አድርገን ሌላ ኩሬ ላይ እንዳንዘራው።

የሐይቅ ዳሯ

ዘንዘልማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን አንቺ በለኝ፤ የእናትህ ታናሽ ነኝ። ጓሮ የሚባለው ሁለት ሜትር ኮሪደር ነው፣ እሱም የከሰል ጆንያ ይዞታል። ቤቱ ኪራይ ነው። አከራዬን ጉድጓድ ልቆፍር ብዬ ጠየቅኳቸው። አተኩረው ካዩኝ በኋላ «ለምንድን ነው ልጄ? ሰው ሞቷል?» አሉኝ። በዚያው ዘጋሁት።

ጋሪ ገፊው፣ አውራ ጣትህን አንብቤ ጠርሙሱን ከትናንት ጀምሮ ለብቻው በካርቶን አድርጌያለሁ። ስለሱ አስቤም አላውቅም ነበር፣ ይቅር በለኝ።

ሰው አገር ያለሁ

እኔ ለትምህርት ሴኡል ነኝ፣ ያደግኩት ግን ግሽ አባይ ነው። እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ ለቅናት አይደለም።

ኮሪያ የምግብ ትራፊ እንዲሁ ወደ መቅበሪያ እንዳይገባ የከለከለችው እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ነው። በ2013 ደግሞ በጣልከው ልክ ክፈል የሚለው መጣ። አሁን 95 በመቶ ገደማው መኖ፣ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ይሆናል ይባላል። የኛ ሕንፃ ሥር አንድ ማሽን አለ። ካርድ ስታስነካው ክዳኑ ይከፈታል። ትደፋለህ፣ ይመዝናል፣ ክብደቱና ሂሳቡ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ምስር ወጥ ሠርቼ ተበላሽቶብኝ ከነመረቁ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ መረቁን ሳላጠል ደፍቼ አላውቅም፤ ለውሃ ሲያስከፍሉህ ያናድዳል። ጎረቤቶቼ ሁሉ ማጥለያ ወንፊት አላቸው።

ያስገረመኝ ግን ሕጉ ነው። የዶሮ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል፣ እነዚህ «የምግብ ትራፊ» አይባሉም። ግራ ገብቶኝ የሕንፃውን ጠባቂ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ በምልክት ነው የምንግባባው። ጣታቸውን እንደ ቀንድ አድርገው ጭንቅላታቸው ላይ አቆሙ፣ አፋቸውን እያላመጡ አሳዩኝ። ከብት ይበላዋል ወይ? ይሄው ነው መለኪያው። ወንድሞቼ፣ ይሄንን እኮ አያቴ ጎጃም ውስጥ ካርድ ሳታስነካ ታውቀው ነበር።

ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እዚህ መኪናው የሚመጣው ለብቻው ነው። የምግቡን የሚጭነው ሌላውን አይጭንም። የድሮ ጋሪ ገፊ ያለውን ሳነብ ልዩነቱ የሕዝብ ሥልጣኔ እንዳልሆነ ነው የገባኝ።

አድላቢው

እኔ ከከተማው ወጣ ብዬ በጢስ አባይ መንገድ በኩል ነው ያለሁት። አምስት በሬ አደልባለሁ፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። ያ የኮሪያ ሽማግሌ ደስ ብለውኛል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አተላ ሲጣል ያያችሁት መቼ ነው? አላያችሁም። እኔ ከሦስት ጠላ ቤት ነው የምወስደው፣ ያውም ከፍዬ፣ ያውም ካረፈድኩ ሌላ ሰው ቀድሞኝ። ስለ አተላ ማንም ሥልጠና አልሰጠም፣ ማንም በርሜል ቀለም አልቀባም። የሚፈልገው ሰው ስላለ ነው። ልጣጩና እንጀራውም እንደዚያው ነው፣ የሚያገናኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

እህቴ፣ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንጀራ ትራፊ እኔ እወስድልሻለሁ። በአንድ ቀን ልዩነት በባጃጅ እመጣለሁ። ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እንዳይከፋሽ።

ፌስታል እንዳይኖርበት። ብጣሽም ብትሆን። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ላሜ ሳትበላ ከስታ ከስታ ሞተች። ሆዷን ስንከፍተው የተቋጠረ ፌስታል ነው፣ እንደ ኳስ። ያቺን ላም ልጄ ነበር ስም ያወጣላት። በ2017 ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ ሲባል ሰው ሁሉ ቲማቲም በምን እንይዛለን እያለ ሲጨነቅ እኔ ብቻዬን ደስ ብሎኛል።

የሻገተም አልወስድም። ሰው ከብት ሁሉን ይበላል ይላል። የሻጋታው መርዝ በወተቱ በኩል ወጥቶ የሚጠጣው ልጅ ጋ ይደርሳል። ሽንኩርት ልጣጭ ሲበዛ ለከብት ጥሩ አይደለም፣ እሱን ለይልኝ። ወጥ የነካው እንጀራ በትንሹ፣ ጨው ካልበዛበት ይሆናል። ዓሣና ሥጋ አይሆንም። በሬዬን ሥጋ አላበላም።

ቀበሌ 14 ልጅ

እንግዲህ ተሸነፍኩ። አድላቢው፣ የኛ ግቢ 24 አባወራ ነው። ከየቤቱ ልጣጭ ብናጠራቅም ትመጣለህ? ዘበኛውን በርሜሉን እንዲመልስ እለምነዋለሁ።

አድላቢው

ፌስታል ከሌለበት እመጣለሁ። አንድ ፌስታል ካገኘሁ አልመለስም።

የሐይቅ ዳሯ

ሁለት ሳምንት ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አድላቢው እየመጣ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ከሰሉ ሳይያያዝ። መጀመሪያ ቀን ፌስታል እንዳይኖርበት ብሎ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ሙሉውን ገልብጦ በእጁ በረበረው። አንድ ስቴኪኒ አገኘ። አነሣና ምንም ሳይል አሳየኝ። ሳህን የምታጥበው ልጅ ከኔ በላይ አፈረች። ከዚያ ወዲህ እሷው ናት የምትቆጣጠረው፤ ባለፈው አንድ ደንበኛ ሶፍቱን ሳህኑ ላይ ሊጥል ሲል ከኩሽና በመስኮት ጮኸችበት። ለመንኳት፣ ደንበኛ ነው አልኳት።

የሳህኑን እንጀራ ደግሞ በሌላ መንገድ ሞከርኩት። ድሮ ሳይጠየቅ ሁለት እንጀራ ይቀርብ ነበር። አሁን አንድ ይቀርባል፣ ሁለተኛው ሲጠየቅ በነፃ ይመጣል። ሁለት ሰው አኩርፎ ወጥቷል፣ «ቆጠቡብን» ብለው። አንዱ ግን በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ሽሮዋን ሌላ ቦታ አያገኛትም። ወጥ ነክቶት የሚመለሰው እንጀራ በግልጽ ቀንሷል።

የሽንኩርት ልጣጩንና የቡናውን አተላ አንድ ጎረቤቴ ለችግኝ እወስዳለሁ ብላለች። እስካሁን ሁለቴ መጥታለች። አይዟችሁ፣ ትመጣለች።

ጋሪ ገፊዎቹ ማክሰኞ ሲመጡ ያ ልጅ ጥቁሩን በርሜል በአንድ እጁ አነሣው። ቀና ብሎ አየኝና «ሥራ ቆመ እንዴ እትዬ?» አለኝ።

የቀረኝ ዓሣው ነው። ራሱን መረቅ አድርጌ መሸጥ ጀምሬያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ፈላጊ አለው። አንጀቱና ቅርፊቱ ግን አሁንም ተጠልሎ ጥቁሩ ውስጥ ነው የሚገባው። ዓሣ አጥማጆቹ የሚገፍፉበት ቦታ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ አይቼ ባልዲዬን ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። ከዚያ አንጀቱን ሐይቁ ዳር መድፋት ሌላ ቆሻሻ መጣያ መክፈት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዶሮ የሚያረባ ሰው ዓሣውን አድርቆ ይፈጨዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? የሚያውቅ ካለ፣ ሽታውን እንዴት እንደሚችለው አብሮ ይንገረኝ።

ዘንዘልማ የተማረው

እውነት ነው፣ ግን ቀቅሎ ነው የሚያደርቀው። ከሁለት ዓመት በፊት አብሮኝ የተመረቀ ልጅ ዶሮ ይዟል፣ ዘንዘልማ አጠገብ ነው። ዛሬ ማታ ደውዬለት እነግርሻለሁ፣ እትዬ። በውስጥ መስመር ምግብ ቤቱ የት ጋ እንደሆነ ጻፊልኝ።